አሳር ሠላሳ ሁለት

ናዳው መንገዱን ከበላው ሦስተኛ ቀኑ ነበር
ሱንማያ ሞክታን ከጋትላንግ ቁልቁል የመጣች፤
ፌስታል ከጉያዋ አውጥታ፣
ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል ፈትታ፣
አንዲት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።

የዜግነት ወረቀት ነው፤ ጥግ ጥጉን ላብ የጠጣበት፣
አውራ ጣቷ በቀለም ያረፈበት፣
«የትውልድ ቀን» ከሚለው ፊት
አሳር ሠላሳ ሁለት የሰፈረበት።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥር። ሰባን ደፍናለች፤
ለአረጋውያን ድጎማ ሕጉ የሚፈቅድላት ነች።
ወር፣ ቀን፣ ዓመት ሞላሁ፤
ማሽኑ ቀላ፣ እኔም ቀላሁ፦
«እንዲህ ያለ ቀን የለም።»

ደገምኩት።
የለም።

«እማማ፣ በዚያ ዓመት» አልኳት፣ «ይኸው ኮምፒውተሩ፣
ለአሳር ሠላሳ አንድ ላይ ነው ድንበሩ።»
«ታዲያ እናቴ በማን ቀን ነው ያማጠችኝ?
ከየትኛው ወር ተበድራ ነው ያመጣችኝ?»

ማኅተሜን በእጅጌዬ አሻሸሁ።
«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት፤
ሦስት ጊዜ መለስኳት፣ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ።
ሩዝ በሚተከልበት ወር፣ ጭቃ ከጉልበት በላይ ሳለ፣
በስሟ ወር አሳሯን አየች፤ ወሩም ስሙን መሰለ።

የእኛ አቆጣጠር እንደ ሌላው አይደለም፤
ባሕረ ሐሳብ ዘርግተህ፣ አካፍለህ፣ ቀሪውን ይዘህ
የምትደርስበት ቀመር የለም።
ፀሐይ ከኮከብ ቤት ወደ ኮከብ ቤት ስትሻገር ጠብቀው
ለዚህ ወር ሠላሳ ሁለት፣ ለዚያ ሃያ ዘጠኝ ብለው
ዐዋቂዎች ይቆርጡታል፤ ማሽን የሚችለው ሽምደዳ ነው።
በየዓመቱ ዐሥራ ሁለት ቁጥር፣ ረጅም ሰንጠረዥ፣
ከዚያም ዝም።
(አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ የልጅ ልጆቼን ዘመን ብጠይቀው
«ገና ነው» አለኝ። ወደድኩት፤ ያላወቀውን አላወቀም።)

ሰንጠረዡን የምትጽፈው ሩኒሻ ማሃርጃን ናት፣ የኪርቲፑር ልጅ፤
ቀን ባንክ ትውላለች፣ ማታ ማታ ያለ ክፍያ
ቀን ትለቅማለች፤ ከሟች ቤት ሣጥን፣ ከዘይት ሱቅ መጠቅለያ፣
አሮጌ ፓትሮ ካለበት ሁሉ።
የሠራችውን ቤተ መጻሕፍት ይሉታል፤
መደርደሪያ የለው፣ አቧራ የለው፣ ዝም በሉ የሚል የለው፤
ሌሎች ፕሮግራሞች እየገቡ ቀን የሚዋሱበት ነው፤
ሆስፒታሉ፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእኔም የቀበሌ መዝገብ።

ጻፍኩላት፦ «አንዲት ሴት አለች፤ ቀኗ ጠፍቶባታል።»

በሌሊት መለሰች። የዚያን ዓመት ፓትሮ ፎቶ አንስታ ላከች፤
ገጹን እርጥበት ጠጥቶታል፣
የሁለት ቁጥር ጅራቷን ብል ቆርጥሟት አንድ መስላለች።
«ዓይኔ ነው» አለችኝ። «ሠላሳ አንድ ብዬ አነበብኩ፤
ዓመቱ ጎደለብኝ፤
የተረፈችውን ቀን ለመንግሲር ለገስኩ።»

አንዲት አኃዝ ነቀለች፣ አንዲት አኃዝ ተከለች።
በዚያ ዓመት ከሳውን እስከ መንግሲር የተወለደ ሁሉ
በተኛበት አንድ ቀን ተንሸራተተ፤
ማክሰኞ ያደረው ረቡዕ ነቃ።
አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ
ቅዳሜ ተወለድክ ብሎት ስልኩ፣
ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጾሞ
እሑድ ሆኖ አገኘው።
«በሦስት ቋንቋ ሰደበኝ» አለች እየሳቀች፤
«ሦስተኛውን አላውቀውም።»

ሱንማያ በአራተኛው ሳምንት መጣች።
ሞላሁ። ዝም አለ ማሽኑ። ተቀበለ።
ጣቷን በቀለም ነከረች፤
ብሩን ሁለቴ ቆጠረች፤
«ቀኔን የመለሰልኝ ማነው?» አለች።

ምን ልበላት? ከስክሪኑ ጥግ ያለውን አነበብኩላት፦
«እትም ሦስት ነጥብ አራት።»
ደጋግማ በከንፈሯ አላመጠችው፤
እንዳትረሳው።
«ደግ ሰው ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ከዚያ ወረቀቷን በፌስታል፣ ፌስታሉን በፌስታል ቋጥራ
ወጣች፤ ናዳው ገና አልተጠረገም።